ሳንባውን ስንጠብቅ ኩላሊቱ ደከመ

ጥያቄ፦ የ58 ዓመቱ ታላቅ ወንድሜ ኮቪድ ይዞት ጽኑ ሕሙማን ክፍል ከገባ አምስተኛ ቀኑ ነው፤ በመተንፈሻ መሣሪያ እየታገዘ ነው። ትናንት ሐኪሞቹ «ሽንቱ ቀንሷል፣ ኩላሊቱ እየደከመ ነው፤ እጥበት ሊያስፈልገው ይችላል፣ ለጊዜው ግን እንጠብቅ» አሉን። ኩላሊቱን አሞት አያውቅም። የሳንባ በሽታ እንዴት ወደ ኩላሊት ይሄዳል? ለምንስ ይጠበቃል? እጥበት ከተጀመረስ ዕድሜ ልክ ነው?

መልስ፦ እንቅልፍ ከሚነሳው እንጀምር፤ ዕድሜ ልክ ነው ማለት አይደለም። ኩላሊቱ ጤነኛ የነበረ ሰው ከዋናው ሕመም ከተረፈ፣ ብዙውን ጊዜ በሳምንታት ወይም በወራት ውስጥ ከእጥበት ይላቀቃል። ስኳር፣ ደም ግፊት ወይም የቆየ የኩላሊት ሕመም ያለበት ሰው ላይ ግን ስጋቱ ከፍ ይላል።

ኩላሊቱን በአብዛኛው የሚጎዳው ቫይረሱ ራሱ ሳይሆን የሕመሙ ብርታት ነው። ልብ ከሚረጨው ደም አንድ አምስተኛ ያህሉ ወደ ኩላሊት ስለሚሄድ፣ የደም ግፊት ሲወርድ ቶሎ ይጎዳል። መተንፈሻ መሣሪያው በከፍተኛ ግፊት አየር ሲያስገባ ደግሞ ወደ ልብ የሚመለሰው ደም ይቀንስና ከኩላሊት የሚወጣው ደም ይታገታል። የሰውነት መቆጣትና ጥቃቅን የደም መርጋትም ይታከላሉ። መድኃኒትም አለበት፦ ጄንታማይሲንና ቫንኮማይሲን የተባሉት ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒቶች መጠናቸው ካልተስተካከለ ኩላሊትን ይጎዳሉ። ወንድምዎ ቤት ሳለ ለትኩሳቱ ዳይክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን ወስዶ ከነበረ፣ እነዚህም ኩላሊትን ሊጎዱ ስለሚችሉ ዛሬውኑ ለሐኪሙ ይንገሩ።

ክሬያቲኒን የተባለው የደም ምርመራ ዘግይቶ ነው የሚናገረው፤ ሽንት ይቀድመዋል። ክሬያቲኒን በ48 ሰዓት ውስጥ በ0.3 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር ከጨመረ፣ ወይም ሽንት ለ6 ሰዓት በኪሎ በሰዓት ከ0.5 ሚሊ ሊትር በታች ከሆነ ኩላሊቱ ድንገተኛ ጉዳት ደርሶበታል ይባላል። 70 ኪሎ ለሚመዝን ሰው ይህ በ6 ሰዓት ከ210 ሚሊ ሊትር በታች ነው። ከዚያ በፊት ግን የሽንት ቱቦው አለመታጠፉና አለመደፈኑ ይታይ፤ ቀላሉ ምክንያት ነው የሚረሳው።

ሽንት ቀነሰ ተብሎ ጉሉኮስ መደራረብ መፍትሔ አይደለም። ውሃ ላነሰው ይጠቅማል፤ ላላነሰው ግን ሳንባው ውስጥ ይጠራቀማል። ላሲክስ የተባለው የሚያሸና መድኃኒትም ትርፍ ውሃ ያወጣል እንጂ ኩላሊቱን አያድንም።

«እንጠብቅ» ማለታቸውም ቸልተኝነት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2020 ወደ 3 ሺህ የሚጠጉ ጽኑ ሕሙማን የተሳተፉበት ጥናት ይፋ ሆኖ ነበር፤ እጥበትን ቀድሞ መጀመር ሞትን አልቀነሰም፤ እንዲያውም ቀድመው ከጀመሩት መካከል በሕይወት ተርፈው ከ90 ቀን በኋላም እጥበት ላይ የቆዩት በዝተው ተገኝተዋል። የማያስጠብቁ ምልክቶች ግን አሉ፦ በመድኃኒት አልወርድ ያለ ፖታሲየም (በተለይ በደም ውስጥ ከ6.5 ሚሊ ሞል በሊትር በላይ ሲሆን)፣ አልስተካከል ያለ የደም አሲድ፣ በላሲክስ ያልወጣ የሳንባ ውሃ። እነዚህ ከታዩ በዚያው ቀን ይጀመራል።

ከተጀመረ በኋላ «ማጣሪያው ደም ረግቶበት ተቋረጠ» ቢባሉ አይደንግጡ፤ ኮቪድ ደምን ስለሚያረጋ የተለመደ ነው። ሐኪሞቹ የደም ማቅጠኛውን መጠን አስተካክለው፣ ማጣሪያውን ቀይረው ይቀጥላሉ። ከሆስፒታል ሲወጣ በሦስተኛው ወር ክሬያቲኒኑና በሽንቱ ውስጥ ያለው ፕሮቲን እንዲመረመሩ ከወዲሁ ቀጠሮ ያስይዙለት።