ጡቡን ትተው ምድጃውን ያዙሩ

የጠየቁት ባጭሩ ይህ ነው፦ በማይክሮዌቭ ምድጃ ውስጥ በሚሽከረከር ሳህን ላይ የተቀመጠ፣ መሠረቱ ካሬ የሆነ የጄል ጡብ እንዴት እንደሚሞቅ በኮምፒውተር እያሰሉ ነው። ሳህኑ ትንሽ በዞረ ቁጥር ሜሹን (ዕቃውና አየሩ ለስሌት የሚከፋፈሉበትን የትንንሽ ክፍልፋዮች መረብ) እንደገና ስለሚሠሩ ስሌቱ ቀናት ይፈጃል፤ የሚወጣው የሙቀት መጠንም ያለ ምክንያት ከፍ ዝቅ ይላል። ሌላ መንገድ አለ ወይ ብለዋል። አለ፤ ለአብዛኛው ሥራም ከእርስዎ መንገድ ይሻላል።

በ2.45 ጊጋኸርዝ አንድ የሞገድ ዑደት 0.4 ናኖሰከንድ ገደማ ነው። ሳህኑ ግን አንድ ጊዜ ለመዞር 10 ሰከንድ ያህል ይፈልጋል። ለሞገዱ ሳህኑ ሁልጊዜ እንደቆመ ነው ማለት ነው። ስለዚህ የኤሌክትሮማግኔት መስኩን በተመረጡ አንግሎች ላይ፣ ዕቃው እንደቆመ ቆጥሮ መፍታት ይበቃል። በሙቀቱም በኩል ነገሩ ይመቻል። ውኃ በበዛበት ጄል ውስጥ ሙቀት በ10 ሰከንድ የሚሰርገው ከ1 ሚሊሜትር ብዙም ሳይርቅ ነው። ግማሽ ኪሎ የሚመዝን ጡብ 500 ዋት ቢውጥ ደግሞ በአንድ ዙር በአማካይ ከ2 እስከ 3 ዲግሪ ሴልሺየስ ብቻ ይጨምራል። በዚህ መጠን የጄሉ ባሕርይ እምብዛም ስለማይለወጥ የአንድን ሙሉ ዙር አማካይ እንደ አንድ የሙቀት ምንጭ መውሰድ ይቻላል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ጡቡንና የራሱን ሜሽ አይንኩ። በምትኩ ምድጃውን ከነዌቭጋይዱ (ሞገዱን ወደ ምድጃው ከሚያስገባው ቱቦ ጋር) በጡቡ ዙሪያ ያዙሩት። በየአንግሉ የሚለወጠው የአየሩ ሜሽ ብቻ ይሆናል፤ ሙቀት የሚሰላባቸው የጄሉ ነጥቦች ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ባሉበት ይቆያሉ። የእርስዎ ውጤት የሚዘለው አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ላይ ነው ብዬ እገምታለሁ። የጄሉ ሜሽ በየጊዜው ሲፈርስና ሲሠራ የሙቀት መጠኑ ከአሮጌው ወደ አዲሱ መገልበጥ አለበት፤ በእያንዳንዱ ግልበጣ ደግሞ ሹል የሆኑት ትኩስ ነጥቦች ይደበዝዛሉ። ጄሉ ውስጥ የሞገድ ርዝመቱ በአየር ካለው 12.2 ሴንቲሜትር ወደ 1.4 ገደማ ስለሚያጥር፣ የሜሹ ክፍልፋይ ከ3 ሚሊሜትር ባይበልጥ ጥሩ ነው።

አማካይ ሲያወጡ አንድ ነገር በጥብቅ ይያዙ፦ የሚደመረው በየነጥቡ የተዋጠው ኃይል እንጂ መስኩ ራሱ አይደለም። በሁለት አንግሎች ላይ ተቃራኒ አቅጣጫ ያላቸው መስኮች ቢደመሩ ይጣፋሉ፤ ያመጡት ሙቀት ግን አይጣፋም።

ስንት አንግል ይበቃል? በ30 ዲግሪ ልዩነት ይጀምሩ፣ ከዚያ በ15 ይድገሙት። የሚያነጻጽሩት ጠቅላላውን የተዋጠ ኃይል ብቻ አይሁን፤ እሱ ቶሎ ይረጋጋል። እጅግ ትኩስ የሆነውን ነጥብ፣ በተለይ የጡቡን ጠርዝና ማዕዘን ይመልከቱ። ጡቡ በትክክል ሳህኑ መሐል ከተቀመጠ ከ0 እስከ 90 ዲግሪ ያለውን ብቻ መፍታት ይበቃዎታል፤ የቀሩትን ሩቦች ውጤቱን በማዞር ያገኛሉ።

ከዚህ በፊት ግን የምመክረው ፈተና አለ። በጡቡ ፋንታ መሐል ላይ ሲሊንደር ያስቀምጡና ሁሉንም አንግሎች ያስሉ። ሲሊንደር ቢዞርም ያው ስለሆነ የሚውጠው ኃይል በሁሉም አንግል እኩል መሆን አለበት። የሚታየው ልዩነት በሙሉ የሜሹ ስሕተት ነው፤ ጡቡ ላይ ከዚያ ያነሰ ልዩነት ቢያዩ ትርጉም አይስጡት።

መዞር ሁሉን ነገር እንዲያስተካክል አይጠብቁ። ሙቀቱን የሚያቀራርበው በአንድ ክብ ላይ ባሉ ነጥቦች መካከል ብቻ ነው። በመዞሪያው ዘንግ ላይ ያለው ነጥብ ምንጊዜም ከቦታው አይነቃነቅም፤ በላይና በታች መካከል ያለው ልዩነትም ይቀራል። ስለዚህ ቀለበት ቀለበት የሆነ ምስል ቢወጣልዎ ሞዴሉን አይጠራጠሩ።

ጡቡ በረዶ ሆኖ የሚቀልጥ ከሆነ ግን ከላይ ያልኩት የአንድ ዙር አማካይ አይሠራም። በረዶ ከውኃ ጋር ሲነጻጸር ከማይክሮዌቭ የሚውጠው እጅግ ጥቂት ነው፤ ቀድሞ የቀለጠው ቦታ ኃይሉን ወደ ራሱ ይስባል፣ ባሕርዩም በአንድ ዙር ውስጥ ይገለበጣል። ያኔ አንግሎቹን በቅደም ተከተል፣ ሙቀቱን እያደሱ መፍታት ግድ ነው። የመዞሪያው አቅጣጫም ትርጉም የሚኖረው ያኔ ነው፦ ሳህኑ ወደ ቀኝ የሚዞር ከሆነ ምድጃውን ወደ ግራ ያዙሩ።

ከሙከራ ጋር ሲያስተያዩ ምድጃው ላይ የተጻፈውን ዋት እንዳለ አያስገቡ። 1 ሊትር ቀዝቃዛ ውኃ አሙቀው ከሙቀቱ ጭማሪ ኃይሉን ያስሉ። ሞገዱን የሚያመነጨው ክፍል፣ ማግኔትሮኑም፣ በአንዲት ድግግሞሽ ብቻ ስለማይሠራ ከ2.45 ትንሽ ከፍና ዝቅ አድርገው ይሞክሩ፤ የትኩስ ነጥቦቹ ቦታ ሊቀየር ይችላል። የሙቀት ካሜራ ደግሞ የላዩን ገጽ ብቻ ነው የሚያሳየው። ጄሉን ከመጀመሪያው በሁለት ንብርብር ሠርተው ይደራርቡት፤ በመካከላቸው አየር እንዳይቀር ይጠንቀቁ። ምድጃው እንደቆመ የላይኛውን አንሥተው መካከለኛውን ገጽ ወዲያው ፎቶ ያንሡት።