ለውጭ አገር ጥሪ የቱ ይረክሳል? ከወሎ የመጡ ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ አካባቢ ስልክ እጠግናለሁ። ስክሪን ሊያስቀይር የመጣው ሰው ሁሉ ሊሄድ ሲል አንድ ጥያቄ ጣል ያደርጋል። "ውጭ ካለው ሰው ጋር በርካሽ የምናወራው በምንድን ነው?" ወሎ ውስጥ አረብ አገር ዘመድ የሌለው ቤት ማግኘት ይከብዳል፤ አይገርምም። ጥያቄያችሁን ሰብስቤ እንደ ቻልኩት መለስኩ።

ልጄ ጅዳ ናት። በኢሞ ስናወራ ነፃ ነው ይሉኛል። ታዲያ ካርዴ ለምን ያልቃል? (አንዲት እናት፣ ከሐይቅ)

አብሽሩ እማማ፣ ማንም አልሰረቀዎትም። ኢሞ ለጥሪው አያስከፍልም። የሚከፍሉት ለዳታው ነው። ፓኬጅ ሳይገዙ ዳታ ከከፈቱ ደግሞ ከዋናው ሂሳብ ላይ ይቆርጣል፤ እሱ ነው ካርዱን የሚጨርሰው። ስለዚህ መጀመሪያ ፓኬጅ፣ ከዚያ ዳታ። የሌሊት ፓኬጅ ከቀኑ ይረክሳል። ሳዑዲ ከእኛ ጋር ሰዓቷ አንድ ነው፤ እርስዎ ሲያመሽ እሷም ታመሻለች።

ሌላው ቪዲዮው ነው። ድምፅ ብቻ ካወራችሁ አንድ ሰዓት ሙሉ በግምት 30 ሜጋባይት ቢበላ ነው። ቪዲዮ ግን እንደ ጥራቱ ከዚያ አሥር እጥፍ ሊሄድ ይችላል። ሁለት ደቂቃ ፊቷን ይዩ፣ "ከስተሻል" ይበሏት፣ ከዚያ ካሜራው ይዘጋና ወሬው ይቀጥል።

እኔ ዋሽንግተን ነኝ። እናቴ ከመርሳ ወጣ ያለ ገጠር ናት። ዳታ የለም፣ ቀፎዋም ባለ ቁልፍ ነው። የትኛውን አፕ ልግዛ?

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ስለሆነ ትንሽ ላብራራ።

ከአፕ ወደ አፕ ስትደውል ሁለታችሁም በኢንተርኔት ላይ ናችሁ፤ ከዳታው በቀር ወጪ የለም። ከአፕ ወደ ተራ ስልክ ስትደውል ግን ድምፅህ በኢንተርኔት የሚመጣው እስከ ኢትዮጵያ በር ድረስ ነው። ከዚያ ወዲያ የአገር ውስጡ ቴሌኮም ተረክቦ እናትህ ቀፎ ላይ ያደርሰዋል። ለዚያች መጨረሻዋ ጉዞ በየደቂቃው በውጭ ምንዛሪ ይከፈላል። ወደ ኢትዮጵያ መደወል ወደ ብዙ አገሮች ከመደወል የሚወደደው በዚህ ምክንያት ነው። የአፑ ባለቤት ማንም ይሁን ማን ያቺን ክፍያ አያመልጣትም። ስለዚህ ከሌሎቹ ሁሉ በብዙ የረከሰ ካየህ አትደሰት፣ ጠርጥር።

ስካይፕን እንዳትፈልግ፤ እ.ኤ.አ. ግንቦት 5 ቀን 2025 ተዘግቷል። ቫይበር አውትም ሬብቴልም ወደ ተራ ስልክ ያስደውላሉ። ስታወዳድራቸው በትልቁ የተጻፈውን ዋጋ ብቻ አትይ። መጀመሪያ የኢትዮጵያ ሞባይል ዋጋ ስንት እንደሆነ ተመልከት፤ የመስመር ስልኩ ለብቻው ሊሆን ይችላል። ስልኩ እንደተነሳ የሚቆረጥ የማገናኛ ክፍያ አለው ወይ? የሞላኸው ሂሳብ ቀኑ ያልፍበታል ወይ? በሰከንድ ነው ወይስ በደቂቃ የሚቆጥረው? ለምሳሌ ደቂቃው 20 የዶላር ሳንቲም ነው እንበል። በደቂቃ የሚቆጥር ከሆነ 1 ደቂቃ ከ5 ሰከንድ አውርተህ 40 ሳንቲም ትከፍላለህ። እናት ደግሞ "እሺ ልጄ፣ ደህና ሁን" ካለች በኋላ ሌላ አምስት ሰከንድ ትመርቃለች። ያ ምርቃት ሃያ ሳንቲም ሆነ ማለት ነው!

እኔን ብትጠይቀኝ፣ የሚከፈልበትን ደቂቃ ለአስቸኳይ ጉዳይ ብቻ አድርገው። በተረፈው ገንዘብ ለአንዱ የወንድምህ ልጅ መጠነኛ "ታች ስልክ" ግዛለት። እናትህ ገበያ ስትወርድ ኔትወርክ ያለበት ቦታ ላይ ያገናኛችኋል። ወጪው በጥቂት ወራት ይመለሳል ብዬ አስባለሁ።

ወንድሜ ከሪያድ ሲደውልልኝ በ09 የሚጀምር የማላውቀው ቁጥር ይወጣል። መልሼ ስደውል አይነሳም። ጂኒ ነው እንዴ? (ከኮምቦልቻ)

ጂኒ ሳይሆን ሲም ቦክስ ነው። ወንድምህ ርካሽ የውጭ መደወያ ካርድ ገዝቷል ማለት ነው። ጥሪው በኢንተርኔት ተሸሽጎ ይገባና እዚሁ አንድ ቤት ውስጥ የተቀመጠ፣ ብዙ ሲም የተሰካበት ዕቃ ላይ ያርፋል። ዕቃው ደግሞ እንደ አገር ውስጥ ጥሪ አድርጎ ላንተ ይደውላል። ቅድም ያልኳት ክፍያ የምትዘለለው እንዲህ ነው። በቴሌኮም ማጭበርበር አዋጅ ቁጥር 761/2004 ወንጀል ነው። ወንጀሉ የዕቃው ባለቤት እንጂ ያንተ አይደለም፤ ወንድምህም ላያውቅ ይችላል። ግን ድምፁ የሚቆራረጠውና መስመሩ መሃል ላይ ድርግም የሚለው በዚሁ ሰበብ ስለሆነ ካርዱን ይቀይር።

እኛስ በኢሞ፣ በዋትስአፕ ስንደውል ሕግ እየጣስን ነው?

አይደለም። አዋጁ በ2004 ሲወጣ "ስካይፕ ተከለከለ" ተብሎ ብዙ ተወርቶ ነበር፤ መንግሥትም ያኔውኑ አስተባብሏል። የሚያስጠይቀው ያለ ፈቃድ ጥሪ እያስተላለፉ መነገድ ነው።

ዱባይ ያለችው እህቴ በዋትስአፕ ጽሑፍ ይደርሳታል፣ ጥሪ ግን አይገባላትም። እገዳ የሚያሳልፍ አፕ፣ ቪፒኤን የሚሉትን፣ ጫኚ አሏት።

በአላህ፣ እንዳትጭን! የተባበሩት አረብ ኤምሬትስ የዋትስአፕ ጥሪን ዘግታለች። የተፈቀዱ አፖች አሉ፤ ብዙ ሐበሻ የሚጠቀመው ቦቲምን ነው። አንቺም ጫኚው። በቪፒኤን ተሸፍኖ የተከለከለ ነገር ማድረግ እዚያ ቅጣቱ ከ500,000 እስከ 2 ሚሊዮን ድርሃም ነው። የቤት ሠራተኛ ደሞዝ ስንት ዓመት ቢጠራቀም ነው ይህን የሚከፍለው? ሳዑዲ ግን የኢንተርኔት ጥሪ እገዳዋን እ.ኤ.አ. በ2017 ስላነሳች የአንዱን አገር ምክር ለሌላው አታስተላልፉ። እዚያው ያለው ሰው የሚሠራለትን አፕ ይምረጥ፣ እኛ እንከተል።

ላሊበላ የእንግዳ ማረፊያ አለኝ። አውሮፓ ላሉ ደንበኞች መደወያ የቱ ይሻለኛል?

የሚከፈልበት አፕ ለመሙላት በውጭ ምንዛሪ የሚሠራ ካርድ ያስፈልጋል። ከሌለህ ውጭ ያለ ዘመድ ይሙላልህ። ግን ለምን ትደክማለህ? ቦታ ሲያስይዙ የዋትስአፕ ቁጥራቸውን ጠይቅ።

ስናወራ ድምፅ ዘግይቶ ይመጣል፣ ወሬያችን ይደባለቃል። (ከባቲ)

ዋትስአፕ ቅንብር ውስጥ ገብተህ ጥሪ ላይ ዳታ እንዲቆጥብ አድርግ። ከጀርባ ቪዲዮ የሚያወርድ አፕ ካለ ዝጋ። የራስህ ድምፅ ተመልሶ የሚሰማህ ከሆነ ደግሞ ጥፋቱ ወዲያኛው ጫፍ ነው፤ ስፒከር ላይ አድርጎሃል፣ ማዳመጫ ይሰካ።

"እህትሽ ነኝ፣ ስልክ ቀየርኩ፣ የመጣልሽን ኮድ ላኪልኝ" የሚል መልእክት ደረሰኝ። (ከከሚሴ)

እንዳትልኪ። ባለ 6 አሃዙ ኮድ የዋትስአፕሽ ቁልፍ ነው። ከላክሽ አካውንትሽን ወስደው በአንቺ ስም "ታስሬያለሁ፣ ብር ላኩ" እያሉ ዘመድ ሁሉ ያዳርሳሉ። እህትሽ ከሆነች ደውላ ድምፅዋን ታሰማሽ። ቅንብር ውስጥ ገብተሽም ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫውን ዛሬውኑ አብሪው።

ዳታ ጭራሽ ሲጠፋስ? (ከወልድያ)

በ2016 አማራ ክልል ውስጥ የሞባይል ዳታ ለወራት ሲጠፋ አይተነዋል። አፕ ላይ ብቻ የተንጠለጠለ ሰው ድምፅ ራበው። ተራ ጥሪ የሚሠራ ከሆነ ደዋዩ ውጭ ያለው ይሁን፤ ከወዲያ ጥቂት ሂሳብ ሁልጊዜ አፑ ላይ ይቀመጥ። ቀንና ሰዓትም ቀድማችሁ ተቃጠሩ። ቁጥሮቹን ደግሞ ስልክ ውስጥ ብቻ አትተዉ። አክስቴ የልጆቿን ቁጥር ሁሉ ግድግዳ ላይ በከሰል ጽፋ ነበር። ስልኳ ሲሰረቅ አልደነገጠችም። በኋላ ለዒድ ብለው ቤቱን ቀለም ሲያስቀቡላት ነው ጉድ የፈላው። እናንተ በደብተር ጻፉት።