ጥገኛ ተህዋሲያንን በማይክሮስኮፕ መለየት፦ ጥያቄና መልስ

በፒያሳ አካባቢ በሚገኝ ላቦራቶሪ የሰገራ፣ የሽንትና የደም ናሙና እመረምራለሁ። ተማሪዎችና ጀማሪ ባለሙያዎች ላቀረቡልኝ ጥያቄዎች መልሴ እነሆ።

ጥያቄ፦ መምህር፣ በሰገራ ናሙና ውስጥ አሜባን ከነጭ የደም ሕዋስ እንዴት ልለየው?

መልስ፦ ይህ ጥያቄ ከሁሉም በላይ ያሳስበኛል። ጀማሪ ሳለሁ ብዙ ሰዓት ከቆየ ናሙና ያየሁትን ማክሮፋጅ (ትልቅ ነጭ የደም ሕዋስ) አሜባ ብዬ ጽፌ አንዲት እናት የማያስፈልጋቸውን መድኃኒት ለቀናት ወስደዋል። ስለዚህ በመጀመሪያ ናሙናው መቼ እንደተሰጠ ይጠይቁ፤ ተቅማጥ ከሆነ በ30 ደቂቃ ውስጥ በኖርማል ሳላይን (በጨው ውሃ) ሊታይ ይገባዋል፤ ምክንያቱም በሕይወት ያለው ትሮፎዞይት (ተንቀሳቃሹ የአሜባ ደረጃ) ሐሰተኛ እግሩን እየዘረጋ ወደ አንድ አቅጣጫ ሲጓዝ የሚታየው ያን ጊዜ ነው። አዮዲን ስለሚገድለው እንቅስቃሴውን በአዮዲን ውስጥ አይፈልጉ። ቀጥሎ ኒውክለሱን (የሕዋሱን አስኳል) ይመልከቱ፦ የአሜባው አንድ ሆኖ መሐሉ ላይ ትንሽ ነጥብ፣ ዙሪያውን ደግሞ ደቃቅ ፍሬዎች ሲኖሩት፣ የኒውትሮፊል (በመግል ውስጥ የሚበዛው ነጭ የደም ሕዋስ) ግን የተከፋፈለ ስለሆነ እየፈረሰ ያለው መግል ሕዋስ ባለ 4 ኒውክለስ ሲስት (በቅርፊት የተሸፈነው የማይንቀሳቀስ የአሜባ ደረጃ) ሊመስል ይችላል። ቀይ የደም ሕዋስ መዋጡ ብቻውን አያስፈርድም፤ ማክሮፋጅም ይውጣልና።

ጥያቄ፦ ቀይ ሕዋስ ያልዋጠ አሜባ ካየሁስ ሂስቶሊቲካ (በሽታ የሚያመጣው አሜባ) ብዬ ልጻፍ?

መልስ፦ አይጻፉ። ሂስቶሊቲካና በሽታ የማያመጣው ዲስፓር በመልክ አይለያዩም፤ ውጤቱ ላይ ሁለቱም ስሞች ሊሰፍሩ ይገባል። ሲስቱ 8 ኒውክለስ ካለው ደግሞ ጉዳት የማያደርሰው ሌላ አሜባ፣ ኢንታሜባ ኮሊ ነው።

ጥያቄ፦ የኮሶ ትል እንቁላል አይቼ ከበሬ ሥጋ ወይም ከአሳማ ሥጋ የመጣ መሆኑን ማወቅ እችላለሁ?

መልስ፦ ከእንቁላሉ አይቻልም፤ የሁለቱም እንቁላል ክብ፣ ወፍራምና ባለ ጭረት ቅርፊት፣ ውስጡም 6 መንጠቆ ያለው ነው። ጥሬ ሥጋ የሚወደድበት ከተማችን ስለሆነ ግምታችን ወደ በሬው ማዘንበሉ ባይገርምም፣ ልዩነቱን የሚያሳየው ከታማሚው የወጣው የትሉ ክፋይ ነው። የአሳማው ትል እንቁላል ሰውን ስለሚያጠቃ ክፋዩን ያለ ጓንት አይንኩ።

ጥያቄ፦ ለቢልሃርዝያ ሽንት የሚሰበሰበው መቼ ነው?

መልስ፦ ከጠዋቱ 4 እስከ ቀኑ 8 ሰዓት ባለው ጊዜ። በሽንት የሚገኘው የሄማቶቢየም እንቁላል እሾሁ ጫፉ ላይ ነው፤ በሰገራ የሚገኘው የማንሶኒ ደግሞ ጎኑ ላይ።

ጥያቄ፦ ከጋምቤላ የመጣ ታማሚ ትኩሳቱ አልበረደም፤ የወባ ምርመራው ግን ነጌቲቭ ነው። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ከየት እንደመጣ መጠየቅዎ ትልቅ ነገር ነው፤ አዲስ አበባ ከፍታዋ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነ ወባው በአብዛኛው ከሌላ ቦታ ይዞት የመጣ ነው። አንድ ነጌቲቭ ብለድ ፊልም (በመስታወት ላይ የተቀባ ደም) ወባ የለም አያሰኝም፤ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ባለው ልዩነት ደግመው ይውሰዱ። ወፍራሙ ፊልም ተህዋሲውን ለማግኘት፣ ቀጭኑ ዝርያውን ለመለየት ነው፤ በወፍራሙ ላይ በ100 ኦብጀክቲቭ (የማይክሮስኮፑ ሌንስ) እና በዘይት ቢያንስ 100 መስክ (በሌንሱ በአንድ ጊዜ የሚታይ ቦታ) ሳያዩ ነጌቲቭ ብለው አይፈርሙ። በቀይ ሕዋሶቹ መካከል ቀጫጭን ጠመዝማዛ ክሮች ካዩ ደግሞ ግርሻ ሊሆን ይችላልና፣ በቅማል የሚተላለፍ ባክቴሪያ እንጂ ጥገኛ ትል ወይም ወባ ባይሆንም፣ ለሐኪሙ ያን ጊዜውኑ ይደውሉ።