የጃፓን ሳሎን በደብረ ብርሃን ብርድ

ጥያቄ፦ ደብረ ብርሃን ያለው 4 በ4 ሜትር ሳሎናችን በሶፋና በቡፌ ተጨናንቆ መተላለፊያ አጥተናል። የጃፓኖችን የቤት አደረጃጀት ወድጄዋለሁ፤ ነገር ግን በእኛ ብርድ ወለል ላይ መቀመጥ ይቻላል?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ይቻላል፤ በመጀመሪያ ግን ዕቃ ይቀንሱ። በጥንታዊው የጃፓን ቤት ወለሉ ታታሚ በሚባል፣ ውስጡ የተጠቀጠቀ የሩዝ ጭድ፣ ላዩ ደግሞ ቄጠማ ከሚመስል ተክል የተሠራ፣ ውፍረቱ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል በሆነ ምንጣፍ ይሸፈናል። እኔ ከሁሉ አብልጬ የምወደው ሾጂን ነው፤ በቀጭን የእንጨት ፍርግርግ ላይ ነጭ ወረቀት የተለጠፈበት ተንሸራታች በር በመሆኑ የጠዋቱን ፀሐይ አለዝቦ ያስገባል። በዛሬዎቹ አፓርታማዎች ብዙው ወለል ጣውላ ሆኖ፣ ታታሚ ቢኖር በአንድ ክፍል ብቻ ነው።

ብርዱን በተመለከተ፣ ጃፓኖችም ክረምታቸውን የሚያሳልፉት ኮታትሱ በተባለ፣ ወፍራም ብርድ ልብስ በለበሰና ከሥሩ በኤሌክትሪክ በሚሞቅ ዝቅተኛ ጠረጴዛ ዙሪያ እግራቸውን አስገብተው ነው። ቀድሞ ከሰል ይጠቀሙ ነበር፤ በተዘጋ ክፍል ግን ከከሰሉ የሚወጣው መርዛማ ጋዝ ስለሚገድል እርስዎ አይሞክሩት። ታታሚ ማስመጣትም አያስፈልግዎትም፤ ጣውላው ላይ የመንዝ ባና ደራርበው ያንጥፉ። ጃፓኖች ቶኮኖማ በሚሉት የግድግዳ ጎድጓዳ ውስጥ አንድ ሥዕልና ጥቂት አበባ ብቻ እንደሚያኖሩ ሁሉ፣ እርስዎም ቡፌው በነበረበት ጥግ አንድ መሶብ ብቻውን ያስቀምጡ።