«ጥርስ እያወጣ ነው» የተባለለት የ17 ቀን ተቅማጥ

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ውስጥ በኮንዶሚኒየም ቤቴ የጎረቤቶቼን 5 ሕፃናት ቀን ቀን እጠብቃለሁ። አንደኛው 1 ዓመት ከ8 ወሩ ነው። ተቅማጥ ከያዘው 17 ቀን ሆነው፤ በቀን 5 እና 6 ጊዜ ያስቀምጠዋል። ደም የለውም፤ ግን ከስቷል። እናቱ ጥርስ እያወጣ ነው ትላለች፣ አያቱ ደግሞ ግግ ይውጣለት እያሉ ነው። ሜትሮኒዳዞል ሽሮፕ ከፋርማሲ ገዝተን 3 ቀን ሰጠነው፤ ቀነስ ብሎለት ተመለሰበት። ቀጥሎ የትኛውን መድኃኒት እንሞክር? ወደ ሌሎቹ ልጆችስ ይጋባል?

መልስ፦ እህቴ፣ የጠየቁኝ የመድኃኒት ስም ነው። ከጥያቄው በስተጀርባ ያለው ፍርሃት ግን ሌላ ይመስለኛል፤ «ያሳመምኩት እኔ እሆን? እጄ ላይ እያለ አንድ ነገር ቢሆንብኝስ?» የሚል። ሕፃናት አንድ ላይ በሚውሉበት ቤት ሁሉ፣ የቱንም ያህል ቢጸዳ፣ ተቅማጥ መግባቱ አይቀርም። ስለዚህ ጥፋተኛ ፍለጋውን ይተዉት። ልጁ የሚጠጣ፣ የሚሸና፣ የሚጫወት ከሆነ ዛሬ ማታ የሚያጣድፍ ነገር የለም። ነገር ግን 14 ቀን ያለፈው ተቅማጥ ተራ ተቅማጥ አይደለም። ልጁ መመዘን፣ የክንዱ ዙሪያ መለካት፣ ሰገራው መመርመር አለበት። ይህ ነገ ጠዋት ጤና ጣቢያ ይደረግ። 17 ቀን መጠበቁ ራሱ ብዙ ነው።

የጥርሱን ነገር በደንብ ልናገር፤ ከተቅማጡ ይልቅ ያስፈራኝ እሱ ነውና። ጥርስ ማውጣት ተቅማጥ አያመጣም። ሁለቱ የሚገጣጠሙት በዕድሜ ምክንያት ነው። ከ6 ወር በኋላ ሕፃኑ ከእናቱ ይዞት የተወለደው መከላከያ ይቀንሳል፣ ተጨማሪ ምግብ ይጀምራል፣ መሬት ለመሬት ይድሃል፣ ድዱ ስለሚበላው ያገኘውን ሁሉ አፉ ውስጥ ይከታል። ጀርሙ የሚገባው በዚያ በኩል ነው። «የጥርስ ነው» የሚለው ቃል ጉዳቱ ቤተሰቡን እንዲጠብቅ ማድረጉ ነው፤ ጥርሱ ሲወጣ ይቆማል እየተባለ ሁለት ሳምንት ያልፋል።

ግግ የሚባለው ደግሞ ድዱ ውስጥ ገና ያልወጣ የክራንቻ ጥርስ እምቡጥ ነው። ተፈልፍሎ ሲወጣ ነጭና ለስላሳ ስለሆነ ትል ወይም የበሽታው ሥር ይመስላል፤ ነገር ግን የልጁ ጤነኛ ጥርስ ነው። ባልተቀቀለ መሣሪያ ሲቆፈር መድማት፣ መመርቀዝ፣ ቴታነስ፣ በደም የሚተላለፍ በሽታ ሊከተል ይችላል፤ ከሥሩ ያለው ቋሚ ጥርስም ተበላሽቶ ሊያድግ ይችላል። ከሁሉም የከፋው ሌላ ነው። ፈሳሽ እያለቀበት ያለ ልጅ አፉ ከቆሰለ አይጠጣም፣ አይጠባም። ያኔ ተቅማጡ ብቻውን ያላደረገውን በአንድ ሌሊት ሊያደርሱበት ይችላሉ። እንጥል ማስቆረጥም እንዲሁ ነው። አያቱን በአክብሮት፣ ግን ቁርጥ አድርገው እምቢ ይበሏቸው። እናቲቱ ካመነታች ይህን ያንብቡላት።

አሁን ወደ መድኃኒቱ። «ቀጥሎ የትኛውን እንሞክር» የሚለው ቃል አስቆጥቶኛል። ሕፃን መሞከሪያ አይደለም። ሜትሮኒዳዞል በቫይረስ የመጣን ተቅማጥ አይነካም። ጃርዲያ የሚባለው የአንጀት ተውሳክ ቢሆን እንኳ መጠኑ በልጁ ክብደት ተሰልቶ የታዘዘለት ቀን እስኪሞላ ይወሰዳል እንጂ ተሻለው ተብሎ በ3ኛው ቀን አይቋረጥም። እንዲህ ያለ አንቲባዮቲክ ራሱም ሰገራ ሊያቀጥን ይችላል። ሎፔራማይድ የሚባለውን የአዋቂ ማስቆሚያ ደግሞ ከቶ እንዳይሰጡት፤ የትንሽ ልጅ አንጀት ሥራውን እንዲያቆም አድርጎ ሆዱን ሊነፋው ይችላል።

ያለ ሐኪም ትእዛዝ ዛሬውኑ የሚጀመረው ሕይወት አድን ንጥረ ነገር ማለትም ኦአርኤስ ነው። አንዱን ከረጢት ሙሉውን ፈልቶ በቀዘቀዘ 1 ሊትር ውሃ ይበጥብጡት። ግማሹን ከረጢት በግምት መበጥበጥ ጨዉን ያዛባዋል። 24 ሰዓት ካለፈው ይድፉት። ልጁ ከ2 ዓመት በታች ስለሆነ ባስቀመጠው ቁጥር ከ50 እስከ 100 ሚሊ ሊትር፣ በአንድ የቡና ሲኒ ገደማ ማለት ነው፣ በማንኪያ ቀስ እያሉ ይስጡት። ካስታወከ 10 ደቂቃ ይቆዩና በዝግታ ይቀጥሉ። ኦአርኤስ ተቅማጡን አያቆምም፤ «አልሠራም» ብለው እንዳይተዉት፣ ሥራው የወጣውን ፈሳሽ መተካት ነው። ዚንክ ከጤና ጣቢያው ይሰጥዎታል፤ ለዚህ ዕድሜ በቀን 20 ሚሊ ግራም ለ10 ቀን ነው። በ3ኛው ቀን ቢሻለውም 10ሩን ይጨርሱ።

ምግብ አይከልከል። የጡት ወተት ካለ በብዛት ይጥባ። አንጀቱ ሲጎዳ የላም ወተትን ለጊዜው መፍጨት ሊያቅተው ስለሚችል በእርጎ ይተኩለት። ዘይት ጠብ የተደረገበት ወፈር ያለ ገንፎ፣ ድንች፣ የበሰለ እንቁላል፣ ሙዝ ጥሩ ነው። ለስላሳ መጠጥ፣ የታሸገ ጁስና ስኳር የበዛበት ሻይ ግን ውሃ ወደ አንጀት ስቦ ተቅማጡን ያባብሳል። አንዳንዴ የቆየ ተቅማጥ ምክንያቱ ጁስ ብቻ ሆኖ ይገኛል።

አዎ፣ ወደ ሌሎቹ ልጆች ይጋባል። ልጁ ሳይመረመር ወደ ቤትዎ አይመለስ፤ ከዚያም ተቅማጡ ከቆመ 48 ሰዓት ይሙላ። እናቲቱ ሥራ እንዳለባት አውቃለሁ፣ ሌሎቹ 4 ግን ጤነኛ ናቸው። ዳይፐር የሚቀየርበት ቦታ ከወጥ ቤቱ ይራቅ። ብቻዎን ከሆኑ የልጆቹን ምግብ ዳይፐር መቀየር ሳይጀምሩ አዘጋጅተው ይክደኑት። የእጅ ማጽጃ አልኮል ጃርዲያን ስለማይገድል በሳሙናና ከጀሪካን ቧንቧ በሚወርድ ውሃ ይታጠቡ፤ የልጆቹንም እጅ ያጥቡ። ፖፖውና ወለሉ ላይ በረኪና ከመጨመርዎ በፊት ቆሻሻውን በሳሙና ያጥቡት፤ ሰገራ ያለበት ላይ በረኪና ቢፈስ ኃይሉን ያጣል። ከዚያ 20 ሚሊ ሊትር ባለ 5 በመቶ በረኪና ወደ 1 ሊትር ውሃ ጨምረው ይቀቡት፣ 10 ደቂቃ ቆይተው ያለቅልቁት። ውህዱን በየቀኑ አዲስ ያዘጋጁ፣ ከሌላ ማጽጃ ጋር አይቀላቅሉት። የሚጠጣው ውሃ መንተክተክ ከጀመረ በኋላ 3 ደቂቃ ይፍላ፤ አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃው በዝቅተኛ ሙቀት ነው የሚፈላው፣ 1 ደቂቃ አይበቃም።

ነገን ሳይጠብቁ በሌሊትም ቢሆን የሚወስዱት እነዚህን ካዩ ነው፦ ዓይኑ ከጎደጎደ፣ ከደከመና ከተኛበት አልነቃ ካለ፣ መጠጣት ካቃተው፣ የጠጣውን ሁሉ ካስታወከ፣ 6 ሰዓት ካልሸና፣ ሰገራው ደም ካለው፣ ወይም በእምብርቱና በጎኑ መካከል ያለውን ቆዳ ቆንጥጠው ሲለቁት ወዲያው ካልተመለሰ።

ነገ ሲሄዱ የክትባት ካርዱን ይያዙ፤ የሮታ፣ ማለትም ተቅማጥ የሚያመጣ ቫይረስ መከላከያ ክትባት በ6ኛውና በ10ኛው ሳምንት መውሰዱ ይታያል። የሰገራው ናሙና ትኩስ ይሁን፤ ጃርዲያ በአንድ ናሙና ሊያመልጥ ስለሚችል በሌላ ቀን ድገሙ ቢሏችሁ አይሰልቹ። የሽሮፑን ጠርሙስም ይውሰዱ፤ ስንት ማንኪያ ለስንት ቀን እንደሰጣችሁት ሳትደብቁ ንገሯቸው።