ስለ ሄንሪ ደንስተር ለምትጽፈው ጽሑፍ የጠየቅከው፦ የአሜሪካው የሃርቫርድ ኮሌጅ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ኢተን ነው ወይስ ደንስተር? ደንስተር የሞተውስ በ1658 ነው ወይስ በ1659 (እ.ኤ.አ.)?

ደንስተር ብለህ ጻፍ። ናትናኤል ኢተን ከእሱ ቀድሞ ኮሌጁን ቢመራም ማዕረጉ መምህር እንጂ ፕሬዚዳንት አልነበረም። በ1639 ረዳቱን በዱላ ክፉኛ በመደብደቡ ተባረረ፤ ትምህርቱም ተቋረጠ። ሄንሪ ደንስተር በፕሬዚዳንትነት የተሾመው ኦገስት 1640 ነው።

የሥራ ዘመኑን እንዲህ አስቀምጠው፦

1. 1642፦ የመጀመሪያዎቹ 9 ተማሪዎች ተመረቁ።
2. 1650፦ ኮሌጁ ቻርተር (የመተዳደሪያ ሕጋዊ ሰነድ) አገኘ። ይህን ሰፋ አድርገህ ጻፈው፤ ትልቁ ሥራው ነው። ቻርተሩ አስተዳደሩን ለ7 ሰዎች ሰጠ፦ ለፕሬዚዳንቱ፣ ለ5 ፌሎዎች (የአስተዳደር አባላት) እና ለገንዘብ ያዥ። ቻርተሩ ዛሬም አልተሻረም።
3. 1654፦ ሥራውን ለቀቀ።

የለቀቀበትን ምክንያት በ"ሃይማኖታዊ ልዩነት" ብቻ አትለፈው። ጥምቀት የሚገባው አምኖ ለሚጠይቅ ሰው ነው ብሎ ሕፃን ልጁን አላስጠምቅም አለ። በማሳቹሴትስ ቅኝ ግዛት ሕፃናትን ማጥመቅ የቤተ ክርስቲያንም የመንግሥትም ጉዳይ ስለነበር ተቃውሞው በቀላሉ የሚታለፍ አልነበረም፤ ዝም ቢል ግን በሥራው ሊቆይ ይችል ነበር። ዝም አላለም። ከዚያ ወደ ፕሊመዝ ቅኝ ግዛት ሄዶ ሲቹዌት በምትባል ከተማ አገለገለ፤ እዚያው አረፈ።

ዓመቱን በተመለከተ ተጠንቀቅ። ያኔ የእንግሊዞች አዲስ ዓመት የሚገባው ማርች 25 ነበር። ደንስተር የሞተው በፌብሩዋሪ ስለሆነ በድሮው 1658፣ በዛሬው 1659 ይባላል። ወደ እኛ አቆጣጠር ስትመልሰው ከ1658 ላይ 8 ቀንሰህ 1650 ካልክ በአንድ ዓመት ትሳሳታለህ፤ ትክክሉ 1651 ዓ.ም. ነው።