ያገለገለች ትንሽ ጀልባ ልትገዙ ወይ ልትሸጡ ካሰባችሁ ጠይቁኝ (ጣና፣ ባህር ዳር)

ሰላም ለሁላችሁ። ሰሞኑን ስለ ጀልባ በውስጥ መስመር የሚጠይቀኝ ሰው ስለበዛ እዚሁ ሁሉም ሰው እንዲያየው ብዬ ነው። እኔ ባህር ዳር ተወልጄ ያደግኩ ነኝ፣ ጣና ላይ ጀልባ ስነዳ ስጠግን ስገዛ ስሸጥ ነው ዕድሜዬ ያለፈው። የምትፈልጉትን ጠይቁ፣ የማውቀውን ሳልደብቅ እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ ጋሼ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ሄጄ አንድ ጀልባ አየሁ፣ ሞተሯ በአንድ ጉተታ ተነሳ፣ ቀለሟም አዲስ ነው። ቀብድ ልስጥ?

ቆይ ወንድሜ አትስጥ። ጠዋት ጣና ተኝቶ ነው የሚያድረው፣ በዛ ሰዓት ሳፋም ላይ ብትቀመጥ ትሻገራለህ። ጣና ስፋቱ ብዙ ነው ግን ጥልቀት የለውም፣ በጣም ጥልቁ ቦታ 14 ሜትር አካባቢ ነው፣ ለዛ ነው ከሰዓት ነፋስ ሲነሳ ማዕበሉ አጭርና ቶሎ ቶሎ የሚመጣው፣ ጀልባዋን ከፊት ይደበድባታል። ስለዚ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ሂድ፣ ብቻህን ሳይሆን ልትጭነው ያሰብከውን ያህል ሰው ይዘህ ውጣና ነፋሱን ፊት ለፊት ይዘህ ንዳት። ከመነሳትህ በፊት ደሞ የሞተሩን ክዳን በእጅህ ዳስሰው፣ ሞቆ ከጠበቀህ አስቀድመው አስነስተውታል ማለት ነው፣ ሞተር ቀዝቅዞ እያለ ነው አነሳሱ የሚታየው።

ይሄን የምለው ደርሶብኝ ነው። የመጀመሪያ ጀልባዬን የገዛኋት የብስ ላይ ተገልብጣ ቀለም ተቀብታ ሳያት ደስ ብሎኝ ነው። በሳምንቷ ከዘጌ ስድስት ሰው ጭኜ ስመለስ ነፋስ መጣ፣ ወለሉ ስር ውሃ ሲንቦጫረቅ ሰማሁ፣ ሳንቃውን ሳነሳው ውሃው ቁርጭምጭሚት ይደርሳል። በጆግ እየቀዳን ነው የገባነው። ስንጥቁን በስቱኮ ደፍነው ቀለም ቀብተውበት ነበር። ከሰው ሕይወት ጋር የተያያዘ ነገር ስለሆነ እስከዛሬ ሳስበው ያንዘፈዝፈኛል።

ጥያቄ፦ ፋይበር ይሻላል ወይስ ላሜራ?

ለትንሽ ጀልባ እኔ ፋይበር ነው የምመርጠው፣ ይቀላል፣ ነዳጅ አይበላም። ላሜራ ግን እዚሁ ከተማ የሚበየድ ስለሆነ ጥገናው ቀላል ነው፣ ድንጋይም ይችላል። ፋይበር ስታይ በሳንቲም ጠርዝ ዙሪያዋን ቀስ እያልክ አንኳኳ፣ ጥርት ያለ ድምፅ ከሰጠ ደህና ነው፣ ድፍን ያለ ድምፅ የሰጠህ ቦታ ውስጡ ውሃ ጠጥቷል ወይ ንብርብሩ ተላቋል። ላሜራ ከሆነ ወለሉን አስነሳና ከውስጥ እየው፣ ጣና ጨው ስለሌለው እንደ ባህር ቶሎ አይበላውም ግን ወለል ስር ተኝቶ የሚከርም ውሃ አለ፣ ዝገቱ ከዛ ነው የሚጀምረው።

ዋናው ግን በሁለቱም ኋላ ላይ ሞተሩ የሚታሰርበት ቦታ ነው። ፋይበር ላይ ብዙ ጊዜ ውስጡ እንጨት ነው። ሞተሩን ከፍ አድርገህ ያዝና ወደ ታች ተጫነው፣ ሳንቃው አብሮ ከተላወሰ እንጨቱ በስብሷል፣ እሱን መቀየር ደሞ ግማሽ ጀልባ መስራት ነው። ዋጋ ቀንሱልኝ ብለህ አትግዛ፣ ተወው።

ጥያቄ፦ ሞተር ላይ ምን ምን ልይ? ሜካኒክ አይደለሁም።

ሜካኒክ ባትሆንም የምታየው አለ። አንደኛ ሞተሩ ሲነሳ ከጎኑ እንደ ክር ቀጥ ብሎ የሚፈስ ውሃ አለ፣ እሱ ማቀዝቀዣው እየሰራ መሆኑን ነው የሚነግርህ፣ ከደከመ ወይ ከተቆራረጠ የውሃ ፓምፑ ጎማ አልቆ ሊሆን ይችላል። እሱ ርካሽ ነው ይቀየራል፣ ግን ስንት ጊዜ እንደዛ ተነድቶ ሞተሩ ጋለ የሚለው ነው ጥያቄው። እኛ ጋር ዳር ዳሩ ደለል ስለሆነ ጭቃ እየሳበ ጎማውን ይበላዋል። የብስ ላይ ሞተሩን ውሃ ሳይነካው አስነስቶ የሚያሳይህ ሻጭ ካለ ደሞ እዛው አስቁመው፣ ያ ጎማ ደረቁን በጥቂት ሰከንድ ነው የሚቃጠለው፣ ቢያንስ በርሜል ውሃ ውስጥ ይንከረው።

ሁለተኛ የታችኛውን ማርሽ ዘይት ትንሽ አስፈታና እየው። እንደ ማኪያቶ ከነጣ ውሃ ገብቷል፣ ጎማ ማሸጊያው አልቋል ማለት ነው። ሦስተኛ ካንዴላዎቹን አስፈትተህ ኮምፕሬሽን (የሲሊንደሮቹን ግፊት) አስለካ፣ መለኪያው ጋራዥ ሁሉ አለ። የቁጥሩ ትልቅነት ብዙ አያሳስብህ፣ በሲሊንደሮቹ መሃል ያለው ልዩነት ከ10 በመቶ ካለፈ ነው ችግሩ። ፕሮፔለሩንም በእጅህ አዙረህ እየው፣ የሚዞርበት ዘንግ (አክሱ) ከተጣመመ ሲዞር ያስታውቃል።

ጥያቄ፦ 25 የፈረስ ጉልበት ብለው ሸጡልኝ ግን ሰው ስጭንባት ጉልበት የላትም። ተጭበርብሬ ይሆን?

ላይሆን ይችላል። ጣና ከባህር ጠለል በላይ ወደ 1,800 ሜትር ነው፣ አየሩ ስስ ነው፣ እንዲህ አይነት ሞተር በየ300 ሜትሩ ወደ 3 በመቶ ጉልበት ይቀንሳል። ስለዚ ያንተ 25 እዚህ 20 አካባቢ ነው። ብዙ ሰው ይሄን ሳያውቅ ሞተሩን ያስፈታል። ቀድመህ ፕሮፔለሩን ቀይር፣ የምላጩ ጥምዘዛ አነስ ያለ ይሁን፣ ሞተሩ ዙሩን ያገኛል። ካርቡሬተሩም ለቆላ ተስተካክሎ ከመጣ ቤንዚን ያበዛል፣ ካንዴላው ጥቁር ጥላሸት ከለበሰ እሱ ነው። እሱን ደሞ የሚያውቅ ሰው ይንካው።

ጥያቄ፦ ያገለገለ ታንኳ የሚሸጥ ይኖራል?

የደንገል ታንኳ ወንድሜ ውሃ እየጠጣ የሚከብድ ነገር ነው፣ በየጊዜው ፀሐይ ላይ ቆሞ ካልደረቀ ይበሰብሳል፣ ቢበዛ የወራት ዕድሜ ነው ያለው። አዲስ አሠራ።

ጥያቄ፦ ከውጭ የመጣች የሸራ ጀልባ ያላት ሰው አውቃለሁ፣ ልሽጣት ይላል። ጣና ላይ ትሆናለች?

ትሆናለች፣ እኔ በበኩሌ ጣና ላይ ሸራ ቢበዛ ደስታዬ ነው፣ ነዳጅ የለ ጩኸት የለ። ግን ጠዋት ነፋስ የለም፣ መሃል ላይ ቁጭ ብለህ ነው የምትውለው፣ መቅዘፊያ ወይ ትንሽ ሞተር አብሯት መኖር አለበት። ሆዷ ስር የተተከለ ከባድ ብረት ያላት ከሆነች ዳር አትደርስም ደለሉ ይይዛታል፣ መሃሏ ላይ ወደ ላይ የሚሳብ ሳንቃ ያላት ናት ለጣና የምትሆነው። ሸራውን ስታይ ጨርቁን ብቻ ሳይሆን ስፌቱን እይ፣ በጥፍርህ ፋቅ አድርገው፣ ክሩ ከተበጠሰ ፀሐይ በልቶታል። ምሰሶውን የሚይዙትን ሽቦዎች ደሞ ጥጥ ይዘህ ከላይ እስከ ታች ሳባቸው፣ ጥጡ የቀረበት ቦታ ላይ ከሽቦው ክር የተበጠሰ አለ። በነፋስ መሃል ሽቦ ተበጥሶ ምሰሶ ሰው ላይ ቢወድቅ ምን እንደሚሆን አስበው። ገመዱ፣ መሪው፣ ሳንቃው ሁሉ ተሟልቶ ካልተሰጠህ አትግዛት፣ ዕቃዋን እዚህ ገበያ አታገኘውም፣ መልሰህ ልሽጣት ብትልም ገዢ ትጠብቃለህ።

ጥያቄ፦ ከጎርጎራ፣ ከሐይቁ ሰሜን በኩል፣ ርካሽ አግኝቻለሁ፣ በመኪና ላስጭናት ነው።

ጥሩ፣ ግን እባክህ ከመጫንህ በፊት እዛው እጠባት። እምቦጭ የሚባለው የውሃ አረም ከተገኘበት ከፈረንጆቹ 2011 ጀምሮ በብዛት የሚያስቸግረው ሰሜንና ምሥራቁን ዳርቻ ነው፣ ፍሬው ደሞ ጭቃ ውስጥ ከ15 ዓመት በላይ ሳይሞት ይቆያል። ወለሏ ስር ያለውን ጭቃ፣ ፕሮፔለሩ ላይ የተጠመጠመውን ሥር፣ የመልህቁን ገመድ ሳይቀር አጽዳ፣ ውሃዋን አድርቃት። የኛን ሐይቅ በገዛ እጃችን አናጥፋው። እምቦጭ መሃል የሠራ ሞተር የውሃ መሳቢያ ወንፊቱ ይደፈናል፣ ስለዚ ግሎ እንደሆነ ደግመህ አጣራ።

ጥያቄ፦ ወረቀትና ቀብድ ላይ ምን ልጠንቀቅ? ሻጩ ለሦስት ነው የገዛናት ይላል።

ሦስቱም ይፈርሙ። የማኅበር ከሆነች ቃለ ጉባኤ ይምጣ፣ ባለትዳር ከሆነ ሚስትም ትፈርም፣ ኋላ እኔ አልሸጥኩም የሚል እንዳይመጣ። የሞተሩን ቁጥር ከወረቀቱ ጋር ራስህ አስተያይ፣ ቁጥሩ የተፋቀ ከሆነ የተሰረቀ ሊሆን ይችላል ሂድ ከዛ። ውሉን ውልና ማስረጃ አስመዝግበው።

ቀብድን በተመለከተ ሕጉን እወቀው፣ የፍትሐብሔር ሕጋችን ቁጥር 1885 ላይ አለ፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ ቀብድ የሰጠው ከተወ ቀብዱ ይቀርበታል፣ የተቀበለው ከተወ እጥፍ አድርጎ ይመልሳል። ስለዚ ውሃ ላይ ሳትፈትናት ቀብድ አትስጥ፣ ከሰጠህም ፈተናውን ካላለፈች ይመለሳል ብለህ አጽፍ።

ጥያቄ፦ እኔ ሻጭ ነኝ፣ ቀለም ቀብቼ ልሽጣት ወይስ እንዳለች?

እንዳለች ሽጣት እህቴ። የሚያውቅ ገዢ ትኩስ ቀለም ሲያይ ምን ደበቁ ብሎ ነው የሚጀምረው። ይልቅ እጠቢያት፣ የማርሽ ዘይትና የፓምፕ ጎማ ቀይሪና የገዛሽበትን ደረሰኝ አስቀምጪ፣ ያለባትን እንከን አንቺው ቀድመሽ ተናገሪ። ሕይወት አድን ጃኬቶቹን አብረሽ ስጪ፣ ነጥለሽ አትሽጫቸው። ጊዜውን ካልሽኝ ነሐሴ መጨረሻ ላይ አውጫት፣ ከመስከረም ጀምሮ እስከ ጥምቀት እንግዳ ስለሚበዛ ጀልባ ፈላጊውም ይበዛል፣ ሐይቁም ሞልቶ ወደብ ላይ ጭቃ ሳይረግጥ ገዢሽ ይሳፈራል። ገዢ የሆናችሁ ደሞ በተቃራኒው ግንቦትና ሰኔ ፈልጉ፣ ውሃው ሲጎድል ነው፣ የቆመ ጀልባ ሆዱ እስከ ታች ይታያል።